ስለ አሮጌ ልብስና ስለ ካንታማንቶ ሰፊዎች
(በትምህርት ቤቱ የምሥረታ በዓል ላይ በተማሪ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ልናገር የተነሣሁት ስለ አሮጌ ልብስ ነው። ነገሩ ለበዓል ቀን የማይስማማ መስሎ ቢታያችሁም ጥቂት ታገሡኝ።

በጋና ዋና ከተማ በአክራ ካንታማንቶ የሚባል ታላቅ የሰልባጅ ገበያ አለ። በአውሮፓና በአሜሪካ ሰዎች የጣሉት ልብስ በቦንዳ ታስሮ በመርከብ ይመጣል። የአገሩ ሰዎች ይህን ልብስ በአካን ቋንቋ «ኦብሮኒ ዋዉ» ይሉታል፤ ትርጓሜውም «ነጩ ሰው ሞቷል» ማለት ነው። መቼም ባለቤቱ በሕይወት ሳለ ይህን ያህል ልብስ ይጥላል ብሎ ማን ያምናል!

ነጋዴው ቦንዳውን የሚገዛው ሳይፈታ ነው። ሲፈታው ደኅና ሸሚዝ ካገኘ እሰየው፤ የተቀደደና የቆሸሸ ከወጣበት ግን ኪሣራው የራሱ ነው። ቦንዳውን በራሳቸው ተሸክመው የሚያደርሱት «ካያዬ» የሚባሉ፤ አብዛኞቹ ከሰሜን ጋና የመጡ ሴቶች ናቸው። አንዱ ቦንዳ 55 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ከእኛ መካከል ይህን ተሸክሞ ከበሩ እስከዚህ አዳራሽ እደርሳለሁ የሚል ካለ ይነሣና እንየው።

እኔን ያስደነቀኝ ግን ከዚህ በኋላ የሚሆነው ነው። በገበያው ውስጥ ልብስ ሰፊው፤ ቀለም ነካሪው፤ አጣቢውና ባለ ካውያው ጎን ለጎን ይሠራሉ። ለወፍራም ሰው የተሰፋው ሸሚዝ ተተርትሮ በቀጭኑ ልክ ይሰፋል፤ የነጣው ጂንስ ቀለም ውስጥ ተነክሮ እንደገና ይጠቁራል፤ ካናቴራውም ተቆርጦ ቁምጣ ይሆናል።

ይሁን እንጂ ሙያቸው ሁሉን አያድንም። የእናቶቻችን ነጠላ አርጅቶ መወልወያ ሆኖ ቢጣል እንኳ ጥጥ ነውና አፈር ይበላዋል። ዛሬ ከሚመጣው ልብስ ብዙው ግን ፖሊስተር፤ ይኸውም ከነዳጅ ዘይት የተሠራ ክር ስለ ሆነ በቶሎ አይበሰብስም። ያልተሸጠው በጎርፍ ተገፍቶ ባሕር ይገባል፤ ማዕበሉም እንደ ገመድ ጠምዝዞ አሸዋው ላይ መልሶ ይጥለዋል። «ለድኾች ሰጠን» የሚሉት ሰዎች መጥተው ይህን ገመድ ቢጎትቱት ደስ ባለኝ። ልብሱን የለበሰው ሌላ፤ ጥራጊውን የሚያነሣው ሌላ መሆኑ በእኔ አስተያየት ፍርድ አይደለም።

ታኅሣሥ 23 ቀን 2017 ዓ.ም. ማታ እሳት ተነሥቶ የገበያውን አብዛኛውን ክፍል አቃጠለው፤ በሺህ የሚቆጠሩ ነጋዴዎችም መደብራቸውን አጡ። እነርሱም ጊዜ ሳይፈጁ እንጨትና ቆርቆሮ አምጥተው እንደገና መሥራት ጀመሩ። የቦንዳውም መምጣት አልቆመም።