ቁጥሯን ያዟት፦ 568

 

እኔም ዲግሪ ይዤ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ከሚቆሙት አንዱ ነኝ። ግን ነጭ ዱላ የያዘው ወንድማችን ሰሌዳውን ራሱ ማንበብ አይችልም። ሰው አንብቦለት፣ ከካኮ ጂንካ ድረስ ተሳፍሮ ቢሄድም ገና ሳይፈተን «ይሄን ሥራ አትችለውም» ሊባል ይችላል።

ይሄ ሕገ ወጥ ነው! አዋጅ ቁጥር 568/2000 አለላችሁ። ሦስት ነገር ያዙ፦

አንደኛ፣ ነጥቡ ከሌላው እኩል ወይም ተቀራራቢ ከሆነ ቅድሚያው የአካል ጉዳተኛው ነው።

ሁለተኛ፣ የሥራ ቦታውንና መሣሪያውን እንዲመቸው ማድረግ የአሠሪው ግዴታ ነው።

ሦስተኛ፣ «አድልዎ ደረሰብኝ» ብሎ ሲከስ ማስረጃ አምጣ አይባልም፤ አለማዳላቱን የሚያስረዳው አሠሪው ነው።

«ይችላሉ ወይ?» ለሚላችሁ፣ ዓይነ ስውሯን የሕግ ባለሙያ የትነበርሽ ንጉሤን ጥሩለት።

ስለዚህ ወገን፣ ማዘን ብቻ ይብቃን። ማስታወቂያ ስታዩ አንብቡለት። ሲያመለክት አብራችሁት ሂዱ። ከመለሱት ምን እንዳሉትና ቀኑን ጻፉለት። ሀገር የምትቆመው በሁሉም ልጆቿ ነው!