ዳግመኛ ለመፈተን ስለ መወሰን



በጅቡቲ ከተማ ከሐሙዲ መስጊድ አጠገብ በሚገኘው ማዕከላዊ ገበያ ከኢትዮጵያ የሚመጣው አትክልትና ፍራፍሬ ሲራገፍ፣ ከጭነቱ ጋር የሰውም ልጅ ዕድሉን ይዞ ይገባል። በሚዛንና በቅርጫት መካከል ከሚውሉት ኢትዮጵያውያን ወጣቶች ውስጥ፣ በአገር ቤት አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈጽሞ፣ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተናን ተፈትኖ፣ የማለፊያውን ነጥብ ሳያገኝ የቀረ አይታጣም። እንዲህ ያለው ወጣት ቀን የሌላውን ሽንኩርት ሲመዝን ይውላል፤ ማታ ደግሞ የራሱን ዕድል ይመዝናል። ጥያቄውም አንድ ነው፤ «ዳግመኛ ልፈተን ወይስ ይቅርብኝ?» የሚል ነው።

ይህ ጥያቄ የአንድ ገበያ ወይም የአንድ ወጣት ብቻ አይደለም። የ2014 ዓ.ም. ብሔራዊ ፈተና፣ ስርቆትንና መኮራረጅን ለመከላከል ሲባል፣ በጥቅምት ወር 2015 ዓ.ም. በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ ተሰጠ። ወደ 900,000 ከሚጠጉት ተፈታኞች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያገኙት 29,909 ብቻ ሆኑ፤ ይኸውም ከመቶ 3.3 ማለት ነው። በተከታዩ ዓመት ከመቶ 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 ሆነ። ከመቶ ማሳ የበቀለው ሦስቱ ብቻ ቢሆን፣ አስተዋይ ገበሬ ዘሩን ብቻ አይወቅስም፤ መሬቱንም፣ እርሻውንም፣ የገዛ እጁንም ይመረምራል። ከመቶ ዘጠና ስድስት የሚሆኑ ልጆች በአንድ ጊዜ ሰነፎች ሊሆኑ ስለማይችሉ፣ ውጤቱ የተማሪው ብቻ ሳይሆን የትምህርት ቤቱና የመምህሩም ውጤት ነው።

ዳሩ ግን ጥፋቱ የብዙዎች መሆኑ ውሳኔውን ከወጣቱ ትከሻ አያወርድለትም። የሚያልፈው ዓመት የእርሱ ዓመት ነውና። በዚህም ጊዜ ሁለት ክፉ አማካሪዎች ወደ እርሱ ይቀርባሉ፤ አንዱ ኀፍረት፣ ሁለተኛው ችኮላ ነው። ኀፍረት «ሰው ምን ይለኛል?» እያሰኘ ከመጽሐፍ ፊት ያሸሸዋል። ችኮላ ደግሞ ምንም ሳይለውጥ ወደ ፈተናው አዳራሽ ይመልሰዋል። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እንደ ተባለው፣ ያንኑ ደብተር፣ በዚያው አኳኋን አጥንቶ የተመለሰ ሰው፣ ያንኑ ነጥብ ይዞ ቢወጣ ሊደነቅ አይገባውም።

ስለዚህ ሦስተኛ አማካሪ ያስፈልጋል፤ እርሱም ሒሳብ ነው። የከሰረ ነጋዴ «እኔ ለንግድ አልተፈጠርሁም» ብሎ ከመደምደሙ በፊት መዝገቡን ገልጦ ኪሳራው በየትኛው ዕቃ እንደ ደረሰ ይመለከታል። ተፈታኙም እንዲሁ ሦስት ነገሮችን ሊመረምር ይገባዋል።

አንደኛ፣ ከማለፊያው ነጥብ ምን ያህል ራቀ? ከመቶ 46 ያገኘና 22 ያገኘ፣ ሁለቱም «አላለፉም» ቢባሉም መንገዳቸው አንድ አይደለም። በፈረንሳይ አገር ይህ ልዩነት በሥርዓት ይታወቃል፤ በባካሎሬያ ፈተና ከ20 ነጥብ 10 ማለፊያ ሲሆን፣ ከ8 እስከ 10 ባለው መካከል ያገኘ ተማሪ በዚያው ሰሞን በቃል ፈተና ነጥቡን እንዲያሻሽል ዕድል ይሰጠዋል። በኢትዮጵያም ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ግማሹን ባያገኙም ለተወሰነው ነጥብ የበቁ ተማሪዎች በዩኒቨርሲቲ የማካካሻ ትምህርት የሚማሩበት መንገድ ተከፍቷል። እንግዲህ ለመድገም ከመወሰን በፊት፣ ይህኛው በር ለእርሱ የተከፈተ መሆን አለመሆኑን መጠየቅ ይቀድማል።

ሁለተኛ፣ ነጥቡ የጎደለው በየትኛው ትምህርት ነው? ፈተናው የሚዘጋጀው በእንግሊዝኛ ቋንቋ ስለ ሆነ፣ ንባቡ የደከመ ተማሪ በእንግሊዝኛ ብቻ ሳይሆን በፊዚክስም በታሪክም ይጎዳል። እንዲህ ያለው ልጅ ዓመቱን ሙሉ ቀመር ቢሸመድድ፣ የታመመውን ትቶ ጤነኛውን እንዳከመ ሐኪም ይሆናል።

ሦስተኛ፣ ዓመቱ በእውነት የጥናት ዓመት ሊሆን ይችላልን? በጅቡቲ የቀትሩ ሐሩር ሲበረታ ሱቆች ይዘጋሉ፤ ገበያውም እስከ አሥር ሰዓት ገደማ ጸጥ ይላል። ወጣቱ ከዚህ ጸጥታ በየቀኑ ሁለት ሰዓት ቢቆርጥ፣ በወር ወደ ስድሳ ሰዓት ያገኛል። ይህን ለማድረግ ግን የሚያሳድረው ዘመድ ፈቃድና የሚያነብበት ጥላ ያስፈልገዋል፤ ለምዝገባና ወደ አገር ቤት ለመመለሻም ገንዘብ ያስፈልገዋል። እነዚህ ካልተገኙ የልብ ምኞት ብቻውን አያደርስም።

ዳግመኛ መፈተን ውርደት እንዳልሆነ ከዓለም ታሪክ መማር ይቻላል። በቻይና ለአሥር ዓመት ያህል ተቋርጦ የነበረው የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና እ.ኤ.አ. በ1977 ክረምት ሲመለስ፣ ከ5.7 ሚሊዮን ተፈታኞች የተቀበሉት 270,000 ያህሉን ብቻ ነበር። በሚቀጥለው በጋ ፈተናው እንደገና ሲሰጥ፣ ከወደቁት ብዙዎቹ ተመልሰው ተቀመጡ፤ በዚያም ዓመት ወደ 400,000 የሚሆኑ ገቡ። በመጀመሪያው ውጤት ተስፋ ቆርጠው ቢቀሩ ኖሮ ከእነዚህ ስንቶቹ በጠፉ ነበር!

ይሁን እንጂ ላለመፈተን መወሰንም፣ በሒሳብ የተወሰነ እንደ ሆነ፣ ክብር ያለው ውሳኔ ነው። የቴክኒክና ሙያ ትምህርት አለ፤ በማስተዋል የተያዘ ንግድም አለ። በጅቡቲ ትምህርት ቤቶች ማስተማሪያው ፈረንሳይኛ ስለ ሆነ፣ ያንን ቋንቋ መማር ራሱ በዚያ ለሚኖር ልጅ የእንጀራ በር ነው። የሚያሳዝነው ሳይፈተን የቀረው ሳይሆን ሳይወስን የቀረው ነው፤ «ለከርሞ፣ ለከርሞ» እያለ ከመጽሐፉም ከሥራውም ሳይሆን ዕድሜው ያልፍበታልና።

ክቡራን መምህራን ሆይ፣ ወጣቱ ብቻውን ይህን ሁሉ እንዲያሰላ መተው ፍርደ ገምድልነት ነው። የማለፊያው ነጥብ «አልበቃህም» ብሎ ዝም ይላል፤ ምን እንደ ጎደለ የሚነግር መምህር ነው። እንግዲህ የፈተናው ውጤት በወጣ ሰሞን፣ ያለፉትን እየጠሩ ከማመስገን ጋር፣ ያላለፉትንም አንድ በአንድ አስቀምጦ ነጥባቸውን ከነርሱ ጋር ማንበብ የሙያው ግዴታ ይሁን። ባሕር ዳርቻ ድረስ ለሥራ ለተሰደደውም አንድ ደብዳቤ ይጻፍለት። ደብዳቤው «አይዞህ» ብቻ አይበለው፤ የትኛውን መጽሐፍ፣ ከየትኛው ምዕራፍ ጀምሮ እንደሚያነብ ይንገረው። ከዚያ በኋላ «እፈተናለሁ» ቢልም «ይቅርብኝ» ቢልም፣ ውሳኔው የራሱ ይሆናል።