ጉድጓዱ ሲሞላ ማን ያየዋል?

(በዩኒየናችን የምሥረታ በዓል ላይ በጥገና ክፍል ባለሙያ ከቀረበ ንግግር)



ከእኔ በፊት የተናገሩት ስለ ካፒታል፣ ስለ ትርፍ ክፍፍልና ስለ ገበያ ትስስር በሰፊው ስላስረዱ እኔ የምናገረው በእጄ ስለያዝኩት ነገር ብቻ ነው። ከኋላ ላላችሁ ላይታያችሁ ይችላል። ገመድ የተተከለበት ትልቅ የፕላስቲክ ዕንቁላል ይመስላል። ፍሎት ስዊች ይባላል፤ በውኃ ላይ እየተንሳፈፈ ፓምፕ የሚያስነሳና የሚያጠፋ ማብሪያ ማለት ነው።

ብዙ አባላት «ሞተሩን ለምን ጉድጓድ ውስጥ ትቀብሩታላችሁ?» እያሉ ይጠይቁኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ከላይ የተቀመጠ ፓምፕ ውኃን በጉልበቱ ጎትቶ አያወጣም፤ ቱቦው ውስጥ ያለውን አየር ሲመጥ ውኃውን ወደ ላይ የሚገፋው የውጭው አየር ክብደት ነው። ይህ ክብደት በባሕር ጠረፍ ውኃን እስከ 10 ሜትር ሲገፋ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,780 ሜትር በሚበልጠው በጣና ዙሪያ ግን ከ8 ሜትር ብዙም አያልፍም። የቱቦው ሰበቃና የፓምፑ ድካም ሲቀነስ በእርግጠኝነት የምንተማመንበት ከ5 እስከ 6 ሜትር ያለውን ነው። በበጋ ርብና ጉማራ ወደ ታች ሲወርዱ እኛም ፓምፑን ይዘን ወደ ታች እንወርዳለን። ስለዚህ ጉድጓድ ተቆፍሮ በግንብ ይሠራል፣ ሞተሩ እዚያ ይቀመጣል። ከዚያ በኋላ ውኃ ከመሬቱ ይሰርጋል፣ ከፓምፑ ዘንግ ማሸጊያም ይንጠባጠባል። ይህን ጠርጎ የሚያወጣ ሌላ ትንሽ ፓምፕ ጥግ ላይ ይቀመጣል። መቼ እንደሚነሳና መቼ እንደሚቆም የሚነግረው ይህ ዕንቁላል ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ውኃው ሲጎድል ዕንቁላሉ ተንጠልጥሎ ይቆያል፣ ውስጡ ያለው ማገናኛም ክፍት ነው። ውኃው ሲሞላ ወደ ላይ ይገለበጣል፤ በውስጡ ያለችው የብረት ኳስ ትንከባለልና ማገናኛውን ትጫነዋለች፤ ፓምፑ ይነሳል። ገመዱ ከታሰረበት ቦታ እስከ ዕንቁላሉ ያለው ርዝመት በመነሻውና በማቆሚያው መካከል ያለውን ልዩነት ይወስናል። ገመዱን በጣም ካሳጠራችሁት ፓምፑ በየደቂቃው እየተነሳ እየቆመ ይሞቃል። በጣም ካስረዘማችሁት ዕንቁላሉ ግድግዳው ላይ ይደገፋል። (በአንዳንድ አሮጌ ዓይነቶች ውስጥ ከኳስ ፋንታ ሜርኩሪ አለ። ሜርኩሪ መርዝ ስለሆነ አሮጌውን አትሰብሩት፣ ለልጆችም መጫወቻ አትስጡት።)

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ። በ2009 ዓ.ም. በአንድ መሠረታዊ ማኅበር ፓምፕ ቤት ይህን መሣሪያ የተከልኩት እኔ ነኝ። ለኮሚቴውም «ከእንግዲህ ለሌሊት ጠባቂ የምትከፍሉትን ማዳን ትችላላችሁ» ብዬ የነገርኩት እኔ ነኝ። ኮሚቴው ባለሙያ ነው ብሎ አመነኝ፣ ጠባቂውም ተሰናበተ። ሰውዬው የኤሌክትሪክ ነገር አያውቅም ነበር፤ ነገር ግን ሌሊት ሁለት ጊዜ ተነስቶ በባትሪ ጉድጓዱን ያይ ነበር።

በጥር ወር አንድ ሌሊት የማዳበሪያ ጆንያ ክር፣ ያ ነጩ የፕላስቲክ ክር፣ ዕንቁላሉን ከትንሹ ፓምፕ እግር ጋር ጠምጥሞ ያዘው። ዕንቁላሉ መገልበጥ አልቻለም። ወደ ጉድጓዱ ይገባ የነበረው ውኃ በደቂቃ ከ8 ሊትር አይበልጥም፤ ከአንድ ባልዲ ያነሰ ነው። ጉድጓዱ 3 በ4 ሜትር ሲሆን የሞተሩ መቀመጫ 40 ሴንቲ ሜትር ከፍታ አለው። አስሉት፤ 4,800 ሊትር ነው። ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ድረስ በቂ ነው።

ሲነጋ ቁልፍ ያዡ አባል በሩን ከፍቶ ውኃውን ሲያይ ሱሪውን ሰብስቦ ሊገባ አንድ እግሩን አወረደ። ቁርስ ይዛ የመጣችው ባለቤቱ ከኋላ ልብሱን ይዛ «አንተ ሰው፣ መብራቱን ሳታጠፋ ወዴት ነው የምትገባው? ልጆቹን ለማን ትተህ?» አለችው። ከላይ ያለውን ማብሪያ አጠፉት። ሞተሩ ተቃጥሎ ነበር፤ እንደገና ተጠቅልሎ እስኪመለስ 11 ቀን ፈጀ። የሽንኩርቱን ነገር የዚያ ማኅበር አባላት እዚህ ስላላችሁ እኔ አልነግራችሁም። እኔ ግን ዛሬም የሚያስደነግጠኝ ሽንኩርቱ ሳይሆን ያ የወረደው እግር ነው።

ከዚያ ወዲህ አተካከላችንን ለውጠናል። የትንሹ ፓምፕ ጉድጓድ ቢያንስ 40 በ40 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ዕንቁላሉ እንዲዞር ቦታ ይተውለታል፣ አፉም በወንፊት ይሸፈናል። ከመጀመሪያው ከፍ ብሎ ሁለተኛ ዕንቁላል ይታሰራል፤ ሥራው ፓምፕ ማስነሳት ሳይሆን ደወል ማስጮህ ነው። ደወሉ የራሱ ባትሪ ሊኖረው ግድ ነው፤ ዝናቡ በሚያይልበት ሌሊት መብራት እንደሚጠፋ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በመስመሩ ላይም 30 ሚሊ አምፒር ኤሌክትሪክ ወደ መሬት ሲፈስ የሚቆርጥ ብሬከር ይገባል። ጠባቂውም ተመልሷል። በየሳምንቱ አንድ ባልዲ ውኃ ጉድጓዱ ውስጥ ይደፋል፤ ፓምፑ ተነስቶ ጠርጎ ካልቆመ በመዝገብ ይጽፋል፣ ይደውልልኛል።

ምርታችሁን በሞተር ጀልባ የምታሻግሩ አባላትም ይህ ነገር ይመለከታችኋል። ታንኳ ይህ ጣጣ የለባትም፤ ደንገሉ ራሱ ስለሚንሳፈፍ የሚሞላ ሆድ የላትም። የብረት ጀልባ ግን ሆድ አለው፤ ከዝናብ፣ ከማዕበልና ከፕሮፔለሩ ዘንግ የሚገባው ውኃ እዚያ ይጠራቀማል። ከውኃው ወለል ግማሽ ሜትር ዝቅ ብሎ ያለ 2 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቀዳዳ በደቂቃ ወደ 35 ሊትር ያስገባል። የፓምፑ ካርቶን ላይ የተጻፈው ቁጥር ውኃውን ወደ ላይ ሳያነሳ የተለካ ስለሆነ በእሱ ብቻ አትተማመኑ። መስመሩን በፊውዝ አድርጋችሁ ከባትሪው በቀጥታ አገናኙት እንጂ በሞተሩ ቁልፍ በኩል አታሳልፉት፤ ቁልፉ ተነቅሎ ሰው ቤቱ በተኛበት ሰዓት ነው ጀልባው የሚሰጥመው። ፓምፑ በየጊዜው እየተነሳ ካስቸገራችሁ ደግሞ ቀዳዳውን ፈልጉ፤ ባትሪው ሲያልቅ ፓምፑም ያልቃል። ዘይት የተቀላቀለበትን ውኃ ግን መሣሪያው አይለይም፣ ወደ ሐይቁ ይተፋዋል። ጣና ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ የተመዘገበ ነው፤ ዓሣውም የምንበላው ነው። የሚንጠባጠበውን ዘይት ከሞተሩ ሥር በሳህን ተቀበሉት።

የተከበራችሁ የሥራ ኃላፊዎች፣ ከእናንተ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። የፓምፕ ግዥ የጨረታ ሰነድ ሲዘጋጅ ስለ ሞተሩ ሁለትና ሦስት ገጽ ይጻፋል፤ ስለ ደወሉና ስለ ብሬከሩ ግን አንድ መስመር አይገኝም። ያቺ መስመር ትግባልን። ከሞተሩ ዋጋ ጋር ሲተያይ ከቁጥር የሚገባ ወጪ አይደለም።

ከምሳ በኋላ ቁልፍ የምትይዙ አባላት ወንዝ ዳር ባለው ፓምፕ ቤት አገኛችኋለሁ። ባልዲ አዘጋጅቻለሁ፤ እያንዳንዳችሁ አንድ አንድ ጊዜ ትደፋላችሁ። ያቺ ባልየውን የጎተተችው እናታችንም ትመጣለች፤ ማብሪያው የት እንደሆነ የምታሳያችሁ እሷ ናት።