ከማን ሰማህ?

(በሰቆጣ ለጀመዓው ከተደረገ ንግግር)

 

ጥር 28 ቀን 2005 የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን «ጂሃዳዊ ሐረካት» የተሰኘውን ፊልም አሳየ። የኮሚቴዎቻችን ጉዳይ ገና በክርክር ላይ ነበር፤ ፍርድ ቤቱም ፊልሙ እንዳይተላለፍ አግዶ ነበር። በእስር ላይ የነበሩ ሰዎች ሲናገሩ ተቀርጸው ቀረቡ። የቦኮ ሐራምና የአል ሸባብ ምስልም አብሮ ተቀጠለበት። ይህን ያየ ጓደኛው «አባትህም እንደዚያ ነው?» ብሎ ቢጠይቀው፣ ልጃችን ምን ይመልሳል?

ቁጣ መልስ አይሆንም። መልሱን ዑለማዎች አውርሰውናል። ኢማሙል ቡኻሪ ረሒመሁላህ ሐዲስ ሲቀርብላቸው ሰነዱን፣ ማለትም የአስተላላፊዎቹን ሰንሰለት ይመረምሩ ነበር። ሁለት ሰዎች በአንድ ዘመን መኖራቸው ብቻ አይበቃቸውም፤ መገናኘታቸው መታወቅ ነበረበት። ሰውየው ደግ ሆኖ ሳለ የማስታወስ ችሎታው ደካማ ከሆነም ዘገባው ይመዘናል።

ይህንኑ ሚዛን ለደረሳውም ለአስኳላ ተማሪውም እናስይዝ። ማን ተናገረ? ራሱ አይቷል ወይስ ሰምቶ ነው? የተናገረው በነጻነት ነው ወይስ በእስር ቤት? ምስሉ የት፣ መቼ ተነሣ? የተከሰሰው ወገንስ የመመለስ እድል አግኝቷል? እንዲህ የጠየቀ ልጅ፣ የናይጄሪያ ምስል በአዲስ አበባ ሰው ላይ ምስክር እንደማይሆን ራሱ ይደርስበታል።

ሚዛኑ ግን ለእኛም ወሬ ነው። ከአዲስ አበባ የተነሣ ነገር ዋግ እስኪደርስ በብዙ አፍ ያልፋል፤ በስልክ፣ በኮረምና በላሊበላ መንገድ በመጣ መንገደኛ፣ ከአማርኛም ወደ ኽምጣና ሲገለበጥ። «ታሰሩ» የተባለው «ተገደሉ» ሆኖ ሊደርሰን ይችላል። በዚያ ወሬ አንድ ወጣት ድንጋይ ቢያነሣ፣ ምንም ያላጠፋ ጎረቤት ይጎዳል፤ ለከሳሾቻችንም የሚፈልጉትን ምስል እኛው ሰጠናቸው ማለት ነው። ሱረቱል ሑጁራት 6ኛው አንቀጽ አጣሩ የሚለን ሳናውቅ ሰው በድለን እንዳንጸጸት ነው።

«የሰማ ላልሰማ ያሰማ» ስንል ኖረናል፤ ከእንግዲህ የሰማ አስቀድሞ ያጣራ። ልጃችሁ ወሬ ይዞ ሲመጣ አትቆጡት፤ «ከማን ሰማህ?» በሉት። ካላወቀ ለሌላ አያሻግረው። አላህ በእውነት ላይ ያጽናን።