ከዕዳ የሚያወጣንን እንዴት እንምረጥ?
(በእድሩ ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



እድራችን የሞተን በክብር ይቀብራል። ዛሬ የማነሣው ግን ሰውን በቁሙ ስለሚቀብረው ስለ አራጣ ነው።

በሲቀላም ሆነ በሴቻ፣ ሲቸግረን «ያለብህን ዕዳ እኔ እከፍልልሃለሁ፤ ለእኔ ቀስ ብለህ ትመልሳለህ» የሚል ሰው አይጠፋም። እሺ ከማለታችን በፊት ሒሳቡን እንሥራ። 10,000 ብር በወር 10 በመቶ ብንበደር፣ ወለዱ ብቻ በዓመት 12,000 ብር ይሆናል፤ ዋናው ገና አልተነካም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን ሰውና ሰው ሲበዳደር ወለዱ በዓመት ከ12 በመቶ እንዳይበልጥ ወስኗል፤ ይኸውም 1,200 ብር ማለት ነው። የሰውን ችግር ተገን አድርጎ ከሕጉ በላይ በወለድ ማበደር በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ ያስቀጣል።

ስለዚህ ሦስት ነገር እንጠይቅ። አንደኛ፣ የብድር ድርጅት ነኝ ካለ የብሔራዊ ባንክ ፈቃድ አለው ወይ? ሁለተኛ፣ ወለዱና የመክፈያው ጊዜ በውሉ ላይ በጽሑፍ ሰፍሯል ወይ? ሦስተኛ፣ ለከፈልነው ሁሉ ደረሰኝ ይሰጣል ወይ? ባዶ ወረቀት ላይ ፈርሙ፣ የቤት ካርታችሁንም ያለ ውል አስረክቡኝ የሚል ቢመጣ፣ ሌላ ዕዳ ይዞ መጥቷልና በደህና አሰናብቱት።

አራጣ አበዳሪን ያበለጸገው ችግራችንን መደበቃችን ነው። ከመፈረማችን በፊት ውሉን ለእድሩ ዳኛ ወይም ለጸሐፊው እናስነብብ። ለልቅሶ ጎረቤት መጥራት እንደማናፍር ሁሉ፣ ዕዳ ሲጫነንም አንፈር።