መጮኽና መዘመር
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት የተነገረ ንግግር)



በዛሬው የትምህርት ቤታችን በዓል ላይ እኛ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎችና በመዘምራን ጓድ ውስጥ የቴኖር ክፍል አባሎች ጥቂት ቃል እንድንናገር ስለ ተፈቀደልን ከልብ እናመሰግናለን። ከእኛ በፊት የተናገሩት ጓደኞቻችን ስለ ጤና አጠባበቅና ስለ ስፖርት አስተምረውናል። እኛ የምንናገረው ስለ ገዛ ጉሮሯችን ነው። ነገሩ ትንሽ ቢመስልም ጓደኛ ያሳጣን፣ በኋላም የመለሰልን ስለ ሆነ፣ ትዕግሥታችሁን እንለምናለን።

እንደምታውቁት የወንድ ልጅ ድምፅ አብዛኛውን ጊዜ ከ12 እስከ 15 ዓመት ባለው ዕድሜ ይለወጣል። ማንቁርቱ ያድጋል፤ በውስጡ ያሉት የድምፅ አውታሮች ይረዝማሉ፣ ይወፍራሉም፤ የንግግሩም ድምፅ አንድ ኦክታቭ ያህል ይወርዳል። እኛም በሕፃንነታችን ያለ ድካም የምንዘምረውን ከፍተኛ ድምፅ አንድ ቀን ፈልገን አጣነው። ያጣነውንም በጉልበት ልናስመልስ ተነሣን። ዜማው ከፍ ሲል አንገታችንን አስግገን፣ ደም ሥራችን እስኪገተር ድረስ እንጮህ ነበር። ይህንንም የወንድነት ምልክት አድርገን ቈጠርነው።

ከመካከላችን አንድ ጓደኛ ግን አይጮህም ነበር። ከፍ ያለው ክፍል ሲደርስ ድምፁን አቅጥኖ በቀላሉ ያወጣው ነበር። እኛም ሳቅንበት። «እሜቴ» የሚል ስም አወጣንለት። እርሱ አንድም ቀን መልስ አልሰጠንም፤ ነገር ግን ከጥቂት ሳምንት በኋላ ወደ ልምምድ መምጣቱን ተወ። ምክንያቱን እያወቅን፣ አስተማሪያችን ሲጠይቁን «ለፈተና እያጠና ይሆናል» አልን።

በዚያው ዓመት በገና ዋዜማ ወላጆች በተሰበሰቡበት ለመዘመር ቆምን። የመዝሙሩ ከፍተኛ ድምፅ ሲደርስ የአንዳችን ድምፅ እንደ ሸክላ ተሰነጠቀ፤ ሁለታችን ዝም አልን፤ የቀረነውም ከዜማው በታች ቀረን። በማግሥቱ አንዱ ጓደኛችን «እንደምን አደራችሁ» ለማለት እስኪያቅተው ድረስ ድምፁ ተዘጋ፤ ከአንድ ሳምንት በላይም ሻክሮ ቆየ። አስተማሪያችን አልተቈጡንም። «ጉልበትስ አላችሁ፤ የጎደላችሁ ድልድይ ነው» ብቻ አሉን።

የድልድዩ ነገር እንዲህ ነው። የክራር አውታር ሲላላ ዝቅ ያለ፣ ሲከር ከፍ ያለ ድምፅ ይሰጣል። የሰው የድምፅ አውታሮች ሁለት ናቸው፤ እነርሱንም የሚያሳጥራቸውና የሚያወፍራቸው አንድ ዓይነት ጡንቻ፣ የሚስባቸውና የሚያቀጥናቸው ሌላ ዓይነት ጡንቻ አለ። በምንነጋገርበት ድምፅ የመጀመሪያው ይበረታል፤ አውታሮቹም በሙሉ ውፍረታቸው ይጋጠማሉ፤ ይህ የደረት ድምፅ ይባላል። በቀጭኑ ድምፅ ደግሞ ሁለተኛው ይበረታል፤ አውታሮቹ በጠርዛቸው ይርገበገባሉ፣ ብዙ ጊዜም በደንብ አይገጥሙም፤ ስለዚህ ድምፁ ትንፋሽ ይበዛበታል።

በፒያኖው መካከል ያለውን ዶ ስንዘምር አውታሮቻችን በሰከንድ 262 ጊዜ ያህል ይርገበገባሉ፤ ከዚያ በላይ ያለው ፋ ሲሆን 349 ጊዜ ያህል ነው። የቴኖር ድልድይ በዚሁ አካባቢ ነው፤ የባሶች ደግሞ ከዚህ ዝቅ ይላል። እዚህ ቦታ ላይ የአውታሩን ውፍረት ሳይለቅ የሚገፋ ሰው ይጮሃል፤ በድንገት የሚለቀውም ድምፁ ይሰበርበታል። ድብልቅ ድምፅ የሚባለው ሁለቱ ጡንቻዎች አብረው እየሠሩ፣ ሥራውን ቀስ በቀስ ሲቀባበሉ የሚገኘው ነው። ያን ጊዜ አውታሮቹ ይሳሳሉ፤ ይሁን እንጂ ይገጥማሉ።

የኃይለኛውና የቀላሉ ድምፅ ክርክር በእኛ የተጀመረ አይደለም። በፈረንጅ አቈጣጠር በ1829 የሮሲኒ «ጊዮም ቴል» የተባለው ኦፔራ በፓሪስ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታይ፣ ቴኖሩ አዶልፍ ኑሪ ከፍተኛዎቹን ድምፆች በቀላል ድምፅ ያወጣቸው ነበር። በ1837 ጂልቤር ዱፕሬ እዚያው ፓሪስ ከፍተኛውን ዶ በደረት ድምፅ ኃይል ሲያወጣው ሕዝቡ እጅግ ተደነቀ፤ ሮሲኒ ራሱ ግን አልወደደውም ይባላል። በ1854 ደግሞ የድምፅ አስተማሪው ማኑዌል ጋርሲያ በትንሽ መስተዋትና በፀሐይ ብርሃን የገዛ ድምፅ አውታሮቹን ሲሠሩ ለማየት ቻለ። እኛ እንዲህ ያለ መስተዋት ስላልነበረን በጆሯችን እየተመራን በልምምድና በመዝሙር ተማርን።

አስተማሪያችን የሰጡን ልምምድ በቀን ከ10 ደቂቃ አይበልጥም ነበር። የመጀመሪያው ፈረስ ከንፈሩን እንደሚያርገበግብ ከንፈርን እያርገበገቡ ከታች ወደ ላይ፣ ከላይ ወደ ታች በድምፅ መንሸራተት ነው። ሁለተኛው የለስላሳ መጠጫ ስትሮ ጫፉን ጥቂት ውሃ ውስጥ ነክሮ በእርሱ ውስጥ ማንጎራጎር ነው። አየሩ ከፊት ጠበብ ያለ መውጫ ሲያገኝ ከፊሉ ግፊት ወደ ኋላ ተመልሶ አውታሮቹን ስለሚደግፋቸው ያለ ጭንቀት ይርገበገባሉ። ሦስተኛው ከቀጭኑ ድምፅ ተነሥቶ «ሁ» እያሉ ሶል፣ ፋ፣ ሚ፣ ሬ፣ ዶ ብሎ መውረድ ነው። ከታች ጀምሮ የሚወጣ ሰው ክብደቱን ተሸክሞ ይወጣል፤ ከላይ የሚወርድ ግን ቅለቱን ይዞ ይወርዳል።

ሁለቱን ልምምዶች በደስታ ሠራን። በሦስተኛው ላይ ግን ቆምን። የሚጀመረው በዚያው በሳቅንበት ድምፅ ነበርና! አንዳችን ሲሞክር ሌላው ይስቃል፤ ተራው ሲደርሰው ደግሞ እርሱ ራሱ መሬት መሬት ያያል። በዚህ ጊዜ አስተማሪያችን «ይህን ድምፅ አሳምሮ የሚያወጣ አንድ ልጅ ነበራችሁ፤ የት ሄደ?» ብለው ጠየቁን። ሁላችንም ዝም አልን።

በዚያው ቀን ከትምህርት በኋላ ልንፈልገው ሄድን። ከማደሪያው ጀርባ ልብሱን ሲያጥብ አገኘነው። በድለንሃል፣ ይቅር በለን አልነው። እጁን ከሳሙናው ሳያወጣ ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና «ይቅርታውስ ይሁን፤ ግን እናንተ በተለማመዳችሁ ቁጥር እኔ ከመስኮቱ ውጭ ቆሜ እሰማ ነበር» አለን። የምንመልሰው አጣን። በሦስተኛው ቀን መጣ፤ ከፊታችንም ቆሞ «ሁ» የሚለውን ከላይ እስከ ታች ሳይሰበር አወረደልን። እኛም ስም ያወጣንለት ሰዎች ተማሪዎቹ ሆንን።

ከዚያ ወዲያ ወደ መዝሙር ገባን። የመጀመሪያው በ1551 በጄኔቭ በታተመ የመዝሙረ ዳዊት ዜማ መጽሐፍ ውስጥ የወጣውና በእንግሊዞች ዘንድ «የድሮው መቶኛ» የሚባለው ዜማ ነው። ይህ ዜማ ለልምምድ የተመቸ ነው፤ ከዝቅተኛው እስከ ከፍተኛው ልክ አንድ ኦክታቭ ነው፤ ከፍተኛውም ድምፅ የሚመጣው አራተኛው ስንኝ ሲጀመር በአንድ ዝላይ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ከሶል ቃና ጀመርን፤ ያን ጊዜ ከፍተኛው ድምፅ ሬ ነው። በየሳምንቱ ግማሽ ድምፅ ከፍ እያደረግን በአራተኛው ሳምንት ሲ ቤሞል ደረስን፤ ከፍተኛውም ድምፅ ፋ ሆነ። በየቃናው በመጀመሪያ «ሁ»፣ ቀጥሎ «ኖ» በማለት፣ በመጨረሻም በቃሉ ዘመርነው። ጓደኛችን ያስተማረን ምሥጢር ይህ ነው፦ የሦስተኛውን ስንኝ የመጨረሻ ድምፅ አቅልለህ ካልያዝኸው አራተኛውን አትዘልለውም። ጥፋቱ የሚሰማው ከላይ ቢሆንም የሚሠራው ከታች ነው።

ሁለተኛው መዝሙር «አሜዚንግ ግሬስ» ነው። ቃሉ የእንግሊዛዊው የጆን ኒውተን ሲሆን በ1779 ታተመ፤ ዛሬ ከምናውቀው ዜማ ጋር ያዋሐደው ዊልያም ዎከር በ1835 በአሜሪካ ነው። ዜማው የተሠራው በአምስት ድምፆች ሲሆን እነርሱም የትዝታ ሜጀር ድምፆች ናቸው። ጆሯችን ስለ ለመደው ዜማውን ለመያዝ አልደከምንም፤ ሐሳባችንን ሁሉ በጉሮሯችን ላይ ለማድረግ ቻልን። በዚህም መዝሙር ስለ አፍ አከፋፈት ተማርን። ከፍ ባለው ድምፅ ላይ «አ» የሚል ቃል ሲመጣ አፋችንን እንደ ጅብ ከፍተን እንጮህ ነበር፤ አሁን ግን «አ»ን ወደ «ኦ» ጥቂት ጠበብ ስናደርገው ድምፁ ራሱ መንገዱን ያገኛል።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፣ ከሦስት ወር ያህል በኋላ በመጀመሪያ ሁለታችን፣ በኋላም ሌሎቻችን ከደረት ወደ ላይ ስንሻገር ስፌቱ መሰማቱን አቆመ። ሁላችንም ደርሰናል ብለን አንዋሽም፤ ብርድ ባለበት ጧት ድምፁ አሁንም የሚሰበርበት አለ። ነገር ግን ሲሰበርበት የሚስቅ የለም።

ታናናሽ ወንድሞቻችን ሆይ፤ ድምፃችሁ በሚለወጥበት ጊዜ በጉልበት አትግፉት። ሲያማችሁ አቁሙ፤ ውሃ ጠጡ፤ የድምፅ መሻከር ሦስት ሳምንት ካለፈው ወደ ሐኪም ሂዱ። ወላጆቻችንም ልጃችሁ በቤት ውስጥ ሲያንጎራጉር ድምፁ ቢሰበርበት እባካችሁ አትሳቁበት። በዚያች ሰዓት የሚተወው ልምምድ ብዙ ጊዜ ሳይመለስበት ይቀራል። እኛ አንድ ሰው እንዲተው አድርገን ነበርና እናውቀዋለን።

ይህ ንግግር እንዳለቀ ያንኑ የድሮ ዜማ በሲ ቤሞል እንዘምርላችኋለን። አራተኛውን ስንኝ ብቻውን የሚጀምረው ያ ጓደኛችን ነው፤ እኛ ተከትለነው እንገባለን።

እግዚአብሔር ትምህርት ቤታችንን፣ መምህራኖቻችንንና ወላጆቻችንን ይባርክ።