የሕፃኑን ወዝ ቶሎ አትጠቡበት



ሕፃን ሲወለድ በገላው ላይ እንደ እርጎ የነጣ ቅባት ተለጥፎበት ይታያል። ብዙ ሰው እድፍ ይመስለውና እትብቱ እንደ ተቈረጠ ውሃ አሙቁ ይላል። እድፍስ አይደለም። ልጁ በማሕፀን ሳለ የገዛ ቆዳው ያበጀው ወዝ ነው፤ ቆዳው እንዳይደርቅ ይጠብቃል፤ ተሐዋስያንን የሚገድል ነገርም አለበት።

ስለዚህ የምንለምናችሁ ይህን ነው። ደሙንና ውሃውን በንጹሕ ደረቅ ጨርቅ አድርቁለት፤ ነጩን ቅባት ግን እየፈተጋችሁ አታንሡበት። ራቁቱን ከእናቱ ደረት ላይ አስተኝታችሁ ሁለቱንም በጋቢ ሸፍኑ። ገላ መታጠቡ 24 ሰዓት ይቈየው። ቶሎ የታጠበ ሕፃን ይበርደዋል፤ ብርድም አራስ ልጅን ይገድላል።

«ቅባት ደግ ከሆነ ቅቤ ብንቀባውሳ?» ትሉን ይሆናል። ቅቤ ሌላ ነው! የዕቃውንና የእጁን እድፍ ይዞ ይመጣል፤ በእትብቱ ቍስል ከገባ መንጋጋ ቈልፍ ሊያመጣ ይችላል። ቅቤም ሆነ እበት እትብቱን አይንካው፤ የጤና ባለሙያ የሰጣችሁን መድኃኒት ብቻ አድርጉለት።

የትልቅ ሰውም ወዝ እንዲሁ ዘበኛ ነው። ከጠጕር ሥር ይመነጫል፤ ከላብ ጋር ሆኖ ቆዳችንን ጥቂት ያኮመጥጠዋል፤ ብዙዎቹ ተሐዋስያን ደግሞ ኮምጣጣ አይወዱም። ገላን ዕለት ዕለት በልብስ ሳሙና መፈተግ ወዙን ይገፍፈዋል፤ ቆዳውም ሲሰነጠቅ በሽታ መግቢያ ያገኛል። እጃችሁን ግን በዚህ ሰበብ ሳትታጠቡ እንዳትቀሩ። የሰገራን እድፍ ወዝ አይችለውም፤ ከመጸዳጃ መልስና ሕፃኑን ከመንካት በፊት በሳሙና ታጠቡ። ሳሙና ቢጠፋ አመድም ይሆናል።